የዘጌ ደንና የቤታችን ምድጃ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ በጣና ሐይቅ ላይ አንድ ሰዓት ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ በደን ከተሸፈነው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይደርሳል። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው ጠባብ መንገድ በቡና ተክል መካከል ያልፋል፤ ከቡናውም በላይ ታላላቅ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል።

በዘጌ ጥንታዊ ሥርዓት መሬቱን በበሬ ማረስ ክልክል ነው። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው ይህን ሥርዓት የሠሩት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። ነዋሪውም ቡናና ጌሾ ሸጦ እህል ይሸምታል። ስለዚህ ዛፉ ቢቈረጥ ቡናው ጥላ ያጣል፤ ቡናው ቢጠፋም ሞሰቡ ባዶ ይሆናል።

በ2007 ዓ.ም. የጣና አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ደን የተቈረጠ እንጨት ለከተማ ማገዶ ሲሸጥ ታይቷል። ገዢ ባይኖር ሻጭ አይኖርምና፣ ነገሩ የየቤታችንን ማድ ቤት ይመለከታል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፣ ምጣዱ አንድ ጊዜ ከጋለ የሁለት ሦስት ቀን እንጀራ ይጋገርበት። ምድጃውም ነበልባሉ በከንቱ እንዳይባክን ዙሪያው ይከለል። ለጾም የሚሆነው ባቄላና ሽምብራ ማታ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ፈጥኖ ይበስላልና። ድስቱ ይከደን። የጎመን ግንድና የድንች ልጣጭ በጓሮ ተቀብሮ ይበስብስ፤ ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል። ግቢ ያለው አባትም ልጁ ክርስትና በተነሣበት ዓመት አንድ አገር በቀል ችግኝ ይትከል፤ ልጁም ከፍ ሲል ውኃ ማጠጣቱን ይረከብ።

ከዘጌ ርቀን ብንኖርም፣ በየቤታችን የምናተርፈው እያንዳንዱ ፍልጥ ከአንድ ዛፍ የተረፈ ነው።