መኪና ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ምኑ ይታያል?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት የጎማ ቁራጭ ነው። «ይህ ለሾፌር እንጂ ለእኛ ምን ይረባናል?» እንዳትሉ። ይህችን ቁራጭ ሳላያት በመቅረቴ የሰው ገንዘብ አስጠፍቻለሁ፤ አንዲት ልጅንም ከትምህርት ገበታ አስቀርቻለሁ። ስለዚህ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ፋው ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በራሃድ የመስኖ እርሻ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1985) በረሃቡ ጊዜ ከኢትዮጵያ ለተሰደደው ሕዝብ በአካባቢዋ ካምፖች ተከፍተው ነበር። እዚያ ያደገ ልጅ የሚመጣው ሎሪ የማን እንደሆነ ገና ሳያየው በድምፁ ያውቃል። እኔም እንዲህ ሆኜ ስላደግሁ ጆሮዬን ከልክ በላይ አምን ነበር።

በወጣትነቴ ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ ጋራዥ መፍቻ አቀባይ ሆኜ ተቀጠርሁ። በዚያን ጊዜ ሦስት ጎረቤቶቻችን በጥጥ ለቀማና በሰሊጥ አጨዳ ያገኙትን በቁብ አጠራቅመው አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ገዝተው ነበር። በበጋ ሰውና እህል ያመላልሳል። ክረምት ሲገባ ግን ዋልካው መንገዱን ስለሚዘጋው የዓመቱ ገቢ በበጋው ወራት ያልቃል። መኪናው መንቀጥቀጥ የጀመረው ልክ በበጋው መካከል ነው። ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ መሪውና ወንበሩ ይርገበገባል። ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቅ ከሥር «ዷ!» ይላል። ሞተሩ ሲጠፋም አንዴ ዘለል ብሎ ይቆማል።

ለእረፍት መጥቼ ሳለ ጠሩኝና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ኮፈኑን እንኳ ሳልከፍት «ፖምፓው ነው» አልሁ። የጋራዥ ልጅ ነኝና አመኑኝ። የናፍጣው ፖምፓ ተፈቶ ገዳሪፍ ተወሰደ፤ ተስተካክሎ ተመለሰ፤ ብዙ ገንዘብ ተከፈለበት። ሞተሩ ሲነሣ መሪው እንደ ድሮው ይርገበገብ ጀመር።

ከሦስቱ ባለቤቶች አንደኛው ድርሻቸውን የከፈሉት ሴት ልጃቸውን ገዳሪፍ ልከው ለማስተማር ካስቀመጡት ገንዘብ ላይ ነበር። ልጅቷ ያን ዓመት ቤት ቀረች። አባቷ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ዝምታቸው ግን ከስድብ ይበልጥ ከበደኝ።

የጋራዡ አለቃዬ ነገሩን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡም። በሚቀጥለው ዓርብ ሥራ ስለሌለ ፋው ድረስ አብረውኝ መጡ። መፍቻ አላነሡም፤ መጀመሪያ ሾፌሩን «መቼ መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» ብለው ጠየቁት። እሳቸው ያን ቀን ያደረጉትን በተራ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፦ መንቀጥቀጡ ከሞተሩ ወይስ ከጎማና ከመንገዱ እንደሆነ ለዩ። መኪናው ቆሞ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነገሩ ከሞተሩ ወገን ነው። በሜዳ ላይ እየሄደ ለጥቂት ጊዜ ከማርሽ ሲወጣም የማይለወጥና ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር የሚቀንስ ከሆነ ግን ጎማውን፣ ቸርኬውንና ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ መርምሩ።

ሁለተኛ፦ የሞተሩን ምት አዳምጡ። አንዱ ሲሊንደር በደንብ የማይሠራ ከሆነ ምቱ እንደሚያነክስ ሰው ይቆራረጣል። ያኔ ናፍጣውን ወይም ፖምፓውን መጠርጠር ያስኬዳል። የእኛ መኪና ምት ግን እኩል ነበር። ይህን እኔም በጆሮዬ ሰምቼው ነበር፤ ግን አላሰብሁበትም።

ሦስተኛ፦ በዓይን እዩ። ሞተር በቀጥታ ከሻንሲው ጋር አይታሰርም። በመካከሉ ሁለት ብረት የያዘ ወፍራም ጎማ አለ፤ መካኒኮች ጎሚኒ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝና በግራ አንድ አንድ፣ ከካምቢዮው ሥር ደግሞ ሌላ ይኖራል። የተሰነጠቀ፣ ከብረቱ የለቀቀ ወይም በዘይት ርሶ የላሸቀ እንደሆነ ተመልከቱ።

አራተኛ፦ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደርጎ፣ ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ብቻ ለቀቅ ያድርግ፤ አንዴ በአንደኛ ማርሽ፣ አንዴ በኋላ ማርሽ። ጎሚኒው ከተቆረጠ ሞተሩ በአንድ ወገን ብድግ ይላል። በዚህ ጊዜ ከፊትም ከኋላም ሰው እንዳይቆም! የሚያይ ሰው በጎን በኩል ራቅ ብሎ ይቁም።

አምስተኛ፦ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክሪክ ላይ ሰፊ ጣውላ ተደርጎ ሞተሩ ከሥሩ በጣም በቀስታ ይደገፍ። ጣውላው የዘይት ማጠራቀሚያው እንዳይጎደጉድ ይጠብቃል። ማንም ሰው ከመኪናው ሥር አይግባ። አለቃዬ ይህን ሲያደርጉ የግራው ጎሚኒ እንደ አፍ ተከፈተ። ጎማው ከብረቱ ሙሉ በሙሉ ተለያይቶ ነበር። ከላይ ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ዘይት እየተንጠባጠበ ለረዥም ጊዜ በልቶታል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ጎማው ለምን እንደሚያስፈልግ በሒሳባችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ቆሞ ሲሠራ በደቂቃ 750 ዙር ቢዞር 1,500 ጊዜ ይተኩሳል፤ ይህም በሴኮንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። ያ ሁሉ ምት በቀጥታ ወደ ብረቱ ቢሄድ ሰውም መኪናም አያርፍም። በድሮ ዘመን ብዙ መኪኖች እንዲህ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1931 የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ በፕሊመዝ መኪናው ላይ ሞተሩን በጎማ አሳርፎ ሲሸጥ ነገሩ በሰፊው ታወቀ። ጎማው ምቱን በራሱ ላይ ይቀበላል፤ ሲያረጅ ምቱ ወደ ወንበራችን ይመጣል። ዝም ከተባለም ጉዳቱ ይሰፋል፤ የጭስ ቧንቧው ከሻንሲው ጋር ይጋጫል፣ የውሃ ጎማው ይላላል፣ ቬንትሌተሩም ራዲያተሩን ሊመታ ይችላል።

ጎሚኒው ፋው ስላልተገኘ አለቃዬ ከአሮጌ የሎሪ ጎማ ቆርጠው ለጊዜው አስገቡለት። «ይህ ገዳሪፍ ድረስ ለመድረስ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» አሉ። የሎሪ ጎማ ደረቅ ስለሆነ ምቱን እንደሚገባው አይውጠውም። በማግስቱ ገዳሪፍ ላይ መጀመሪያ ዘይቱ የሚፈስበት ጓርኒሲዮን ተለወጠ፤ ከዚያ የቀኙም አርጅቶ ስለነበር ሁለቱም ጎሚኒዎች አብረው ተቀየሩ። ለሁሉም የተከፈለው ገንዘብ ለፖምፓው ከወጣው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነበር። መኪናው ጸጥ አለ። እኔ ግን ደስ አላለኝም።

ከዚያ ወር ጀምሮ ከደመወዜ እየቆረጥሁ ለልጅቷ አባት መክፈል ጀመርሁ። መጀመሪያ አልቀበልም አሉ፤ በኋላ ሽማግሌ ሲገባ ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት ልጅቷ ትምህርቷን ጀመረች። የጠፋውን አንድ ዓመት ግን የሚመልስ ደመወዝ የለም።

ሙያ የምትማሩ ልጆች፣ «አላውቅም፤ ልየው» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ሳያዩ በሰው ገንዘብ መፍረድ ነው። እናንተም ወላጆች፣ መኪናም ሆነ ወፍጮ ወይም የውሃ ሞተር ተበላሽቶ አንድ ሰው «ይህ ይለወጥ» ሲላችሁ፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት «በምን አወቅህ? እስቲ አሳየኝ» በሉት። የሚያውቅ ሰው ያሳያችኋል። ያን ቀን ጎረቤቶቻችን እኔን እንዲህ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም።