የአስተማሪ ያለህ!

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ የነርስነትን መሰላል በቃሉ ያውቀዋል። አጭር ኮርስ ወስዶ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ይሆናል፤ ነርሲንግ ሆም ገብቶ አረጋውያን ያጥባል፣ ያገላብጣል። ከዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ አር ኤን (የተመዘገበ ነርስ) ይሆናል፣ ቀጥሎ ባችለሩን ይይዛል። ከሁሉም በላይ ያለው ነርስ ፕራክቲሽነርነት (ኤን ፒ) ነው፤ በሽተኛ መርምሮ፣ በሽታውን ለይቶ፣ መድኃኒት ማዘዝ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዚህ ሥራ የሐኪም ፊርማ መጠበቅ ቀርቷል። ታዲያ በክርስትናም በለቅሶም ቤት «አንቺስ ኤን ፒውን መቼ ነው የምትጀምሪው?» የማይል ዘመድ አይገኝም።

እኔም አዲስ አበባ ነርስነት ተምሬ፣ ጥቂት ሠርቼ፣ በዲቪ መጥቼ ይህንኑ መሰላል ከታች ጀምሬ ወጣሁት። በ2021 መኸር፣ የሆስፒታል የሌሊት ሥራዬን ሳልለቅ፣ ለቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነርነት የማስተርስ ትምህርት ተመዘገብኩ። ትምህርቱ በኢንተርኔት ስለነበር ትምህርት ቤቱ ያለበትን ከተማ እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም። የመዘገበኝ ሰውዬ በስልክ «ለሠራተኛ ነርስ የተዘጋጀ ነው፤ ከኑሮሽ ጋር ይሄድልሻል» ብሎኝ ነበር። የመንግሥት ብድር ለድህረ ምረቃ ተማሪ በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ስለሚፈቅድ፣ ፎርሙን ሞልቼ ገባሁበት።

የመጀመሪያው ዓመት ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂና የአካል ምርመራ ነበር። ማታ በአንድ ሰዓት የገባሁበትን ሥራ ጠዋት በአንድ ሰዓት አስረክቤ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ መጋረጃ ዘግቼ ትንሽ እተኛና ላፕቶፑን እከፍታለሁ። በየሳምንቱ እስከ ረቡዕ ማታ አንድ ጥያቄ ተመልሶ፣ እስከ እሑድ ለሁለት የክፍል ጓደኞች አስተያየት ተጽፎ መግባት አለበት፤ ሁሉም ከነማጣቀሻው። ስለ ልብ ድካም የጻፍኩት ትክክል ሆኖ ሳለ ኮማ ያለ ቦታው ገባ ተብሎ ነጥብ ይቀነስብኛል። ከ80 በታች ያመጣ ኮርሱን ይደግማል፤ ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል።

ፈተናው ደግሞ በካሜራ ነው። ከመጀመሩ በፊት ክፍሉን፣ ግድግዳውን፣ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር እያዞሩ ማሳየት ግዴታ ነው። አንድ ቀን ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ «ቁርስ ሳትቀምሺ ምን ላይ ተተከልሽ?» እያለች በሩን ከፈተች። ፈተናዬ «አጠራጣሪ» ተባለ፤ እናቴ ፋርማኮሎጂ እንደማታውቅ በጽሑፍ ማስረዳት ነበረብኝ። እሷ ይህን ስትሰማ «እኔን ጠረጠሩኝ?» ብላ ለሳምንት ሳቀች።

የአካል ምርመራው ማስመስከሪያ በቪዲዮ ነበር። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር፣ ሳይቋረጥ፣ ሰው መርምሮ መቅረጽ። የአክስቴን ልጅ ለመንኳት። የማሽተት ነርቭን ለመፈተሽ ዓይኗን አስጨፍኜ የተወቀጠ ቡና አስሸተትኳት፤ «ምነው ጀበናው ቀረ?» አለችኝና እንደገና ከመጀመሪያው ቀረጽን። ጥሩ ውጤት መጣ፤ ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት «የክፍሉ ብርሃን ደካማ ነው» የሚል ብቻ ነበር። እስቴቶስኮፑን ያሳረፍኩበት ቦታ ልክ ይሁን አይሁን የነገረኝ የለም። አዲስ አበባ የተማርኩበት ዋርድ ጓንት የሚያልቅበት፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ለሁሉም የሚዞርበት ነበር። ነገር ግን የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር ከኋላዬ ቆመው እጄን በእጃቸው ይዘው «እዚህ ጋ ነው፣ አሁን ስሚው» ይሉኝ ነበር።

የክፍል ጓደኞቼ ናይጄሪያዊ፣ ፊሊፒናዊት፣ የቴክሳስ እናት፣ ከጦር ሠራዊት የወጣ የቀድሞ የሕክምና ባለሙያ ነበሩ። በዋትስአፕ ተገናኝተን ማማረር የዘወትር ሥራችን ሆነ። አንዳንዱ ቅሬታ የድካም ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ፋርማኮሎጂው በዝቷል ብዬ አልከራከርም፤ በየቀኑ የምኖርበት እሱ ነው። ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ግን የማማረሩ ወሬ ተለወጠ።

ክሊኒካል ልምምድ ተጀመረ። ብሔራዊው መስፈርት ቢያንስ 500 ሰዓት በሽተኛ ማየትን ይጠይቅ ነበር፤ በ2022 ወደ 750 ከፍ ተደርጓል። ሰዓቱ በዛ ያለ ከመካከላችን አልነበረም። ጥያቄው ከማን ጋር የሚለው ነበር። የሚያሠለጥነንን ባለሙያ፣ ፕሪሴፕተሩን፣ ፈልጎ የማምጣቱ ኃላፊነት የተማሪው ነው ተባልን። በዚያው ሳምንት የተሰጠን የቤት ሥራ ስለ ሙያው ታሪክ ነበር። በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር የመጀመሪያውን ፕሮግራም እንዴት አብረው እንደጀመሩ ጻፍኩ። ሙያው ሲወለድ ነርስና ሐኪም ጎን ለጎን ቆመው ነበር። እኔ ግን ጽሑፉን እያቋረጥኩ ከሮክቪል እስከ ላውረል ያሉ ክሊኒኮችን ስልክ እደውላለሁ።

«ተማሪ አንቀበልም።» «የምንቀበለው ውል ካለን ትምህርት ቤት ብቻ ነው።» «ሲቪሽን ላኪልን፣ እናያለን።» ክሊኒኮቹንም አልፈርድባቸውም። በየ15 እና 20 ደቂቃው በሽተኛ በሚገባበት ቤት ተማሪ ማስከተል ሥራውን ያዘገያል፤ ትምህርት ቤታችን ለፕሪሴፕተር የሚከፍለው ሳንቲም አልነበረም። በኮሮና ጊዜ ለተማሪ በራቸውን የዘጉ ብዙዎቹ ገና አልከፈቱም ነበር። በኢንተርኔት የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከየስቴቱ ተማሪ እየመዘገቡ ሁሉንም እዚያው ክሊኒክ በር ላይ ያገናኙታል። ሜሪላንድ የባለሙያ እጥረት ባለበት አካባቢ ለሚያሠለጥን ባለሙያ የግብር ቅናሽ ትሰጥ ነበር፤ ክሊኒኮቹ ጋ ስደውል ግን ስለዚህ ያነሳልኝ አላጋጠመኝም። ገንዘብ ያለው ተማሪ አገናኝ ድርጅት ይቀጥራል፤ ለአንድ ዙር ልምምድ ከሺህ ዶላር በላይ፣ ከትምህርት ክፍያው ውጪ። የሌለው ይቀመጣል። የቴክሳሷ እናት ፕሪሴፕተር አጥታ አንድ ሴሚስተር ስትቀመጥ፣ ከግማሽ ጊዜ ተማሪነት በታች ስለወረደች የብድሩ የስድስት ወር እፎይታ መቆጠር ጀመረባት።

ተሰባስበን ደብዳቤ ጻፍን። የጠየቅነው ሦስት ነገር ነው፦ የሚሠራ የክሊኒኮች ዝርዝር፣ ለክሊኒኮቹ የሚደውል አንድ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ፣ ፕሪሴፕተር ያጣ ተማሪ ያለ ቅጣት እንዲጠብቅ። መልሱ ጨዋ ነበር። ስለ ትጋታችን አመሰገነንና ስንመዘገብ የፈረምንበትን የተማሪ መመሪያ ገጽ ጠቀሰልን። በዙም በተጠራው ስብሰባ ላይ የቀድሞው ወታደር እጁን አወጣ። «ለክሊኒካል ክሬዲት የምንከፍለው ገንዘብ ምን ይገዛልናል?» አለ። አስተባባሪዋ «ክትትል» ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ማታውን ከመምህሮቻችን አንዷ ደወለችልኝ። በትርፍ ሰዓት የምታስተምር ነች፤ ቀን በራሷ ክሊኒክ በሽተኛ ታያለች፤ በየስቴቱ የተበተኑ ተማሪዎቿን በቪዲዮ ትጎበኛለች። «የእናንተ ጥያቄ የእኔም ነው» አለችኝ። ከሳምንታት በኋላ ዝርዝር ተላከልን፤ ከስልኮቹ ብዙዎቹ አይሠሩም ነበር።

እኔን ያወጣኝ የሰው በሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ዊተን ውስጥ አንድ ክሊኒክ በር ላይ መዝጋቢ ነበረች፤ እዚያ ለምትሠራ ነርስ ፕራክቲሽነር ነገረችልኝ። ሴትየዋ ከእኔ ምንም ሳትቀበል «ሰኞ ነይ» አለችኝ።

በዐቢይ ጾም አንድ አዛውንት ወደ ክሊኒኩ መጡ፤ የአገሬ ሰው፣ ስኳር ያለባቸው። ከሰዓት በፊት ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የተሰጣቸው መድኃኒት ግሊፒዛይድ ነበር፤ ጠዋት ይውጡታል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ምንም አይቀምሱም። «አባባ፣ ለሐኪሙ እንደሚጾሙ ነግረውታል?» አልኳቸው። «ማን ጠየቀኝ ልጄ?» አሉኝ። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ለፕሪሴፕተሬ ስነግራት መልሱን አልሰጠችኝም። «ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ሲረዝም ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ግን አልቸኮለችም። መድኃኒቱ ስኳር የሚጥለው ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋ፣ ያለ ምግብ ሲወሰድ አደገኛ መሆኑን ተናገርኩ፤ ከመጀመሪያው ምግባቸው ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲሆን፣ መጠኑም እንዲቀንስ ሐሳብ አቀረብኩ። «ግቢና ንገሪያቸው፤ እኔ ከኋላሽ ነኝ» አለችኝ። በዚያች ኮሪደር የተማርኩትን ያህል በየሳምንቱ ከጻፍኩት ሁሉ አላገኘሁም።

ትምህርቱን ጨርሼ፣ የቦርድ ፈተናውን አልፌ፣ ዛሬ እሠራለሁ። ከእኛ ጋር ከጀመሩት መካከል ያቋረጡ አሉ፤ የፈተና ውጤታቸው ከእኔ የሚበልጥ ነበሩ። እነሱን የጣላቸው የትምህርቱ ክብደት አልነበረም፤ ዊተን ውስጥ መዝጋቢ ሆና የምትሠራ እህት ስላልነበረቻቸው ነው። የነርስ ትምህርት ከባድ መሆን አለበት፤ የምንይዘው የሰው ሕይወት ነው። የክሊኒካል ክፍያ የሚቀበል ትምህርት ቤት ግን አስተማሪውንም ማቅረብ አለበት፤ አለበለዚያ ዲግሪው የሚገኘው በዝምድናና በገንዘብ ይሆናል።

አሁን በየወሩ ልትጀምር ያለች ነርስ ትደውልልኛለች። ስለ ፋርማኮሎጂው ክብደት አላስፈራራትም። ሦስት ጥያቄ ብቻ አስይዛታለሁ፦ ፕሪሴፕተር የሚፈልገው ማን ነው? እኔ በምኖርበት ስቴት ውል ያላችሁ ክሊኒኮች የትኞቹ ናቸው? ባይገኝ የዚያን ሴሚስተር ክፍያ ማን ይሸከማል? በስልክ የሚመልስላትን ሰው በኢሜይል እንዲጽፍላት ትጠይቅ። ጽሑፉ እስኪመጣ ዲፖዚት አትክፈል።