ምናለሽ ተራ

አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ገና ሳትደርሱ የመዶሻው ድምፅ ይቀበላችኋል።

እዚህ የሚጣል ነገር የለም። ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ ይገዛል፤ አምጥቶ ይሸጣል። ያረጀ በርሜል ተቀዶ ይቀጠቀጣል፤ የከሰል ምድጃ ይሆናል። ያለቀ የመኪና ጎማ ይቆረጣል፤ በረባሶ ጫማ ይወጣዋል።

ኑሮው ግን ቀላል አይደለም። ብረት ይወደዳል። ገበያ ይቀዘቅዛል። እሳትም አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጥሎ የብዙ ነጋዴ ንብረት ወድሟል።

ታዲያ ትንሹ ነጋዴ እንዴት ይቆማል?

አንደኛ፣ በአንድ ዕቃ ብቻ አይተማመንም። ምድጃ አልሸጥ ሲለው ባልዲ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ዕቁብ ይጥላል። ዕጣው ሲደርሰው ብረት ይገዛበታል። ችግር የገጠመው እንደሆነ ባለተራው ዕጣውን ሊለቅለት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዱቤ ያገኛል። ዱቤ ግን ቃሉን ለሚያከብር ሰው ነው። ከሥራው ሁሉ እምነት ይቀድማል።

እናንተስ? በቀበሌያችሁ ዕቁብ አለ? ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ወሰደ? ቃል ይረሳል። ዛሬ መጻፍ ችላችኋልና ሒሳቡን በደብተር ጻፉት።