አንድ ጥይት

ግሪንዊች ያለው የባሕር ሙዚየም ውስጥ አባቴ መርከቦቹን ሁሉ በዝምታ አለፋቸው። ትራፋልጋር ላይ ጥይት የበሳው የኔልሰን ኮት፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው፣ እሱ ጋም አልቆመም። የቆመው አንድ ሽጉጥ ፊት ነው።

በባልጩት ፍንጣሪ የሚተኮስ የድሮ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሽጉጥ። ጎኑ ላይ ቀበቶ ውስጥ የሚሰካበት የብረት ምላስ አለው፤ አንድ እጁ ገመድ፣ አንድ እጁ ጎራዴ ለያዘ ሰው። ብረቱ ላይ ዘውድና ጂ አር የሚሉ ፊደላት ተቀርጸዋል። ንጉሥ ጆርጅ ለማለት ነው።

“ስንት ይጎርሳል?” አለኝ።

“አንድ።”

“ከዚያስ?”

“ገልብጠህ በእጀታው ትመታበታለህ።”

ቀልድ አይደለም። የእጀታው ጫፍ ወፍራም ነሐስ ነው። ባሩድና አረር በአፈሙዙ ጠቅጥቆ እንደገና ማጉረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጠላት መርከብ ላይ የዘለለ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም።

ሳቀ። አባቴ ባሕር ኃይል ነበር፣ ምፅዋ የሰለጠነ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ከሸሹት መርከቦች አንዱ ላይ ነበር። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱማ ሶደሬ ስንሄድ እንኳን እግሩን ውኃ ውስጥ አይነክርም።

ሳቁ አደፋፈረኝና ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ ይህ ባሕር ኃይል ከ100,000 በላይ ሰው ነበረው፣ ብዙዎቹ ከወደብ ከተሞች በአፈሳ የተወሰዱ። “አፈሳ” ስል ቀና አለ። እ.ኤ.አ. በ1797 ስፒትሄድና ኖር ላይ መርከበኞቹ አደሙ። ሽጉጡም እጃቸው ላይ አይውልም፤ ተቆልፎበት ይቀመጥና ውጊያ ሲመጣ ይታደላል። (የገዛ መርከበኛውን የሚፈራ ኃይል ምን ዓይነት ኃይል እንደሆነ እንጃ።)

“ቁልፉ ማን ጋ ነው?”

“መኮንኖቹ ጋ።”

“የትም ያው ነው” አለ። “ለእኔም ሽጉጥ የታደለኝ ልንወጣ ስንል ነው።”

ዝም አልኩ። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን እየተንጫጫ መጥቶ መስታወቱን ከበበው፣ ሄደም። እሱ አልተነቃነቀም።

“አልተኮስኩበትም። የመን ስንደርስ መሣሪያ አስረክቡ ተባልን። አስፈርሜ ነው የሰጠሁት። ብረት ያለ ፊርማ አይሰጥም።”

መርከቦቹ ራሳቸው ኋላ ጂቡቲ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1996 በጨረታ እንደተሸጡ አንብቤያለሁ። እሱን ግን አላነሳሁበትም።

“ወረቀቱስ አባዬ?”

“አለ። የልደት ካርድህ ያለበት ፖስታ ውስጥ።”