አዋሽ ሰባት ስንት ሰው ያድራል?

ተዛውሮ አፋር ክልል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚገባ ሠራተኛ የኪራይ ቤት ሲፈልግ ደላላውን ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል፣ ቤቱ ኮርኒስ አለው ወይ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው ወይ። የውሃውንና የኮርኒሱን መልስ በሳምንቱ ራሱ ያረጋግጠዋል፤ የአዋሽን ቀትር በባዶ ቆርቆሮ ሥር ያሳለፈ ሰው ሁለተኛ አይሞኝም። ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው። ደላላው «ኧረ ምንም ችግር የለም» ይላል። ምን ይበል? ኮሚሽኑን ነው የሚጠብቀው።

እሺ፣ ደላላው ይቅርና ቁጥር ይጠየቅ ቢባልስ? የወንጀል መጠን የሚሰላው በዓመት የተመዘገበው ወንጀል ለነዋሪው ብዛት ተካፍሎ፣ በ100 ሺህ ሰው ስንት እንደሚደርስ ታይቶ ነው። አዋሽ ሰባት ላይ ተካፋዩም አካፋዩም አይታመኑም። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በአብዛኛው አገር ግንቦት 1999፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ ኅዳር 2000 ዓ.ም ነው። ያኔ አራስ ቤት የነበረ ሕፃን ዛሬ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ቀጣዩ ቆጠራ ቀን እየተቆረጠለት ሲራዘም ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው የነዋሪ ቁጥር ሁሉ ግምት ነው።

ግምቱ ልክ ቢሆን እንኳ የሚይዘው ነዋሪውን ነው። ከአዲስ አበባ በአዳማና በመተሐራ የመጣው አስፋልት ለሁለት የሚከፈለው እዚሁ ነው፤ አንዱ በሚኤሶ በኩል ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይሄዳል፣ ሌላው ገዋኔንና ሚሌን አልፎ በሰመራና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚመላለሰው በዚህ በሁለተኛው ነው። ሲመሽ ተሳቢዎቹ ከመንገዱ ዳር ይደረደራሉ። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ መስኮቱን በከፊል አውርዶ ይተኛል፤ በዚያ ሙቀት ዘግቶ ማደር አይሞከርም። ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ ወይም ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ይጋደማል። እንቅልፍ ይባል እንጂ ጆሮው ከሸራው ገመድ፣ ከስኮርታ ጎማውና ከናፍጣው ክዳን አይነሳም። ሌሊት አንዱ ከተወሰደ ስርቆቱ የሚጻፈው በአዋሽ ሰባት ስም ነው። ሹፌሩ ግን በአዋሽ ሰባት ነዋሪነት አንድም ቀን ተቆጥሮ አያውቅም።

ተካፋዩም እንዲሁ ጎደሎ ነው። አፋር መድአ የሚባል የራሱ ሕግ አለው። መግደልን፣ አካል ማቁሰልን፣ ዝሙትን፣ ስርቆትና ንብረት ማጥፋትን፣ ስድብን ሳይቀር ለየብቻ መድቦ ካሣቸውን ያውቃል። ጉዳዩ ጎሳን የሚያነካካ ሲሆን ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ካሣውን የሚከፍለው አጥፊው ብቻውን ሳይሆን ጎሳው ነው። ውሳኔውን የሚያስፈጽሙት ደግሞ ፊማ የሚባሉት የእድሜ እኩዮች ናቸው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 መሠረት ባህላዊ ሕግ በተከራካሪዎች ፈቃድ የሚዳኘው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው፤ ወንጀል እዚያ ውስጥ የለም። በተግባር ግን ዛፍ ሥር ያለቀ ጠብ ሁልጊዜ ፖሊስ ጣቢያ አይደርስም። ስለዚህ የመዝገቡ ቁጥር ዝቅ ማለት ሰላም መኖሩን ላያሳይ ይችላል፤ ከፍ ማለቱም ሰዉ በፖሊስ ማመን ከመጀመሩ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ነዋሪው ሰላሙን በምን ያውቃል? በወሬ። ግን እንደ ዋዛ በሚወራ ወሬ አይደለም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተሳስመው ቁጢጥ ይላሉ፣ ከዚያ ዳጉ ይጀመራል። ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ ምን ዓይነት እንግዳ ሰው በየት በኩል አለፈ። ጠያቂው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ ተጠያቂው ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። ዳጉን ማዛባት ነውር ነው። ነገ ያው ወሬ በሌላ ሰው አፍ ስለሚመጣ ውሸቱም አያድርም። ፍየል ነድቶ የተሰወረ ሰው የሚጠጣበት ጉድጓድ ሳይደርስ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። (ፌስቡክ ላይ «ሼር ይደረግ» የሚሉ ሰዎች ከዚህ ቢማሩ መልካም ነበር።)

ደገኛውም ድሮ አውጫጭኝ ነበረው። ከብት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪነገር ድረስ ከዚያ አይነቃነቅም ነበር። ከዳጉ ጋር ይመሳሰላል፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ አውጫጭኝ ወሬውን የሚያወጣው ወንጀሉ ከተፈጸመ በኋላ፣ ያውም ንጹሑን ጭምር አስሮ ነው።

የሰፈር ዓይን ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ጥናት አለ። ሮበርት ሳምፕሰንና ሁለት ባልደረቦቹ በቺካጎ 343 ሰፈሮች የሚኖሩ 8,782 ሰዎችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው መንገድ ላይ ቢያውደለድሉ ጎረቤት ዝም ይላል ወይ የሚል ነበር። ጎረቤቶች የሚተማመኑበትና ጣልቃ የሚገቡበት ሰፈር፣ ድህነቱ ከግምት ገብቶም፣ ጉልበተኝነትና ጥቃት ያንሰዋል።

አዋሽ ሰባት ግን የአፋር መንደር ብቻ አይደለችም። ባቡሩ ያቆማት፣ አስፋልቱ ያሰፋት ከተማ ናት። በአንድ ግቢ በተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ይኖራል። ከወሎ መጥታ ግሮሰሪ የምትሠራ ልጅ እኩለ ሌሊት ሥራ ጨርሳ ወደ ክፍሏ ስትሄድ አንዱ ቢተናኮላት ስለሷ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ጎሳ የላትም። ዳጉም በአፋርኛ ነው የሚነገረው። እሷ ያላት የመንገድ መብራት፣ አከራይዋ፣ እድር ካላት እድሯ፣ ከዚያ ፖሊስ ነው። አንድ ሰፈር ሰላም ነው ሲባል መጠየቅ ያለበት ለማን የሚለው ነው።

የ2017ቱ መሬት መንቀጥቀጥ ይህንኑ በሌላ መልክ አሳየ። የፈንታሌና የዶፈን ተራሮች አካባቢ ለወራት ሲናጥ ቆይቶ ታህሳስ ላይ ሲበረታ፣ በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን የማዛወር ሥራ መጀመሩ ተነገረ። ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ሰው ከመሬቱ ቀጥሎ የሚያሳስበው የበሩ ቁልፍ ነው። ዘመድ ያለው ዘመዱን ያስጠብቃል። ተከራይ ደግሞ የሚችለውን ተሸክሞ ይሄዳል።

ሹፌሩስ? ስኮርታ ጎማው የጠፋበት ሰው ጎህ ሲቀድ የሚያሰላው ሌላ ነው። ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ቢሰጥ ግማሽ ቀኑ ያልቃል፣ ወደቡ ላይ ተራው ያልፈዋል። ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ ወንጀል የሚዳኘው በተፈጸመበት ቦታ ነውና፣ ሌባው ቢያዝ እንኳ ለምስክርነት ከሄደበት ተመልሶ መምጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ለባለንብረቱ ደውሎ ይነግረዋል፣ ዋጋው ከደመወዙ ይቆረጥ አይቆረጥ ይከራከራሉ፣ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። አዋሽ ሰባት ፖሊስ ጣቢያ ያለው መዝገብ ላይ ያን ሌሊት ምንም አልጠፋም።