ዘፈን በምን ይመዘናል?

አንባቢ ሆይ፤ በአንበሳሜ ገበያ ጤፍና ሽንብራ በሚዛን ይሸጣል። ዘፈንሳ በምን ይመዘናል? ብዙዎቻችን «ስንት ተሸጠ?» ብለን እንጠይቅና፥ ካልተሸጠ «ከሰረ» እንላለን። እኔም እንዲሁ ነበርሁ።

በ2005 ዓ.ም. አምስት ወጣት ሴቶች «የኛ» በሚል ስም ተሰባስበው «አቤት» የተባለውን ዘፈን አሰሙ። ወጪውን የቻለው ገበያው ሳይሆን የእንግሊዝ መንግሥት እርዳታ ነበር። የሬዲዮ ድራማቸውም ያለ ዕድሜ ጋብቻንና በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት እያነሣ በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ይሰማ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ግን አንድ የለንደን ጋዜጣ «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ ገንዘቡ ባከነ ብሎ ቢጮህ፥ መንግሥቱ ድጋፉን አቋረጠ።

በነጋዴ ዓይን ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው። ነገር ግን ሌላም ሒሳብ አለ። የእኅቴ ልጅ ሽማግሌ በተላከባት ሰሞን ያንን ድራማ አብረን ስናዳምጥ፥ «ጋሼ፥ ለካ እንቢ ማለትም አለ?» አለችኝ። አፈርሁ፤ ተማርሁ የምለው አጎቷ ይህን አንድም ቀን አልነገርኋትም ነበርና። በማግስቱ ከአባቷ ዘንድ ሄጄ ተሟገትሁ፤ ሽማግሌዎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እስቲ ንገረኝ፤ ያችን ጥያቄ በየትኛው ሚዛን ታስቀምጣታለህ?