“ድነሃል” ከተባለ በኋላስ?

ባህላችን ያፈረበትን ነገር የጤና ሥርዓታችንም አፍሮ ሲያልፈው ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው። ዳንግላ የሚኖር አንድ የቅርብ ዘመዴ በካንሰር ምክንያት የብልቱ ከፊል በቀዶ ሕክምና ተወገደ። “ድነሃል” ተብሎ ተሸኘ፤ ከባለቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ግን የነገረው አልነበረም። “ከእንግዲህ ወንድ አይደለሁም” ብሎ መኝታ ለየ።

ሳይንሱ ግን እንዲህ አይልም። የወንድነት ሆርሞን በዋነኛነት የሚመነጨው ከቆለጥ ነው። ከፊሉ ብልት የቀረላቸው ብዙዎች ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሩካቤ ማድረግ ይችላሉ፤ ሙሉ በሙሉ የተወገደባቸውም ቢሆኑ ስሜትና እርካታ የግድ አይጠፋባቸውም። ይህን ለዘመዴ የነገርሁት ሐኪም ያልሆንሁት እኔ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በአገራችን ለልጃገረዶች ሲጀመር ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ብዙ ተብሏል፤ ያው ቫይረስ ከወንድ ብልት ካንሰር ከግማሽ ገደማው ጋር እንደሚያያዝ ግን ስንቶቻችን ሰማን?

ታዲያ ምን ይደረግ? ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ባልና ሚስት አብረው ይመከሩ። ለምክር አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ አያስፈልግም፤ እንጅባራ ላይ አንድ የሠለጠነ ነርስና በሩ የሚዘጋ ክፍል ይበቃል። ማዳን ማለት ትንፋሽን ማስቀጠል ብቻ ነውን?

ቸር ይግጠመን።